ግራብ የሚጫነው የት ነው? ሊኑክስን ስናሳድግ ስለሚቀርቡልን የቡትሎደር አማራጮች



የዛሬውን ርእስ ስመርጥ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ስርዓተ ክወና በሚሻሻልበት ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ብቅ ብሎ ስለሚጠፋ የጥያቄ ሳጥን ይህን ያህል ሰዓት ምን ይባላል አሉኝ። እኔም ያንን ሳጥን ሳላነብ በማለፌ አንዲት ተማሪ የወራት ልፋቷን እንዳጣች ስነግራቸው ሳቁን ተዉት።

ነገሩ የሆነው ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው እንደገና በተከፈቱበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ላይ ነው። በኃላፊነት የያዝኩት ቤተ ሙከራ ዐሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩት። ሁሉም ኡቡንቱ 18.04 የተጫነባቸው ሲሆኑ፣ የተጫኑበትም መንገድ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው፤ በአንዱ ላይ ሁሉን ነገር አሟልቼ ከጫንኩ በኋላ የዚያን ዲስክ ሙሉ ቅጂ በቀሩት ዐሥራ አንዱ ላይ ገለበጥኩት። ለወራት ጠፍተው የቆዩትን ማሽኖች ወደ 20.04 ለማሳደግ አንድ ምሽት መደብኩ። መብራት ሳይሄድ እንዲያልቅ ስለቸኮልኩ፣ ማሻሻያው ያለ ጥያቄ እንዲካሄድ፣ ማለትም ለሚነሣው ጥያቄ ሁሉ ቀድሞ የተመዘገበውን መልስ ራሱ እንዲወስድ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ዐሥራ አንዱ አልነሡም። በጥቁሩ ስክሪን ላይ «ግራብ-ካሎክ» የተባለ ነገር እንዳልተገኘ የሚገልጽ አንድ የእንግሊዝኛ መስመርና ከሥሩ «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል ትእዛዝ መጠበቂያ ብቻ ይታያል። አንዱ ብቻ፣ ያ መጀመሪያ የጫንኩበትና ሌሎቹ የተቀዱበት ማሽን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተነሣ።

የዚህ ልዩነት ትርጉም በዚያች ሰዓት አልገባኝም። ዲስኮቹ ተበላሽተዋል ብዬ ደመደምኩና ረዳቴን ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሮ እንደ አዲስ እንዲጭን አዘዝኩት። እሱም እንደታዘዘው የመጀመሪያውን ዲስክ አጥፍቶ ጫነ። በዚያ ዲስክ ላይ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ ከመዘጋቱ በፊት የሰበሰበችው ልኬት ነበር። በፍላሽ የተረፈላት ገሚሱ ብቻ ነው። ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሁለተኛውን ማሽን ከመንካታችን በፊት ግን ያ አንድ ማሽን ለምን ተነሣ የሚለው ጥያቄ ያዘኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ዕለት ጠዋት ማወቅ የነበረብኝን ነው።

ንግግሩን በጽሑፍ ለምታነቡት አንድ ነገር ላስታውስ። የትእዛዞቹንና የፎልደሮቹን ስም በአፍ እንደምጠራቸው አስፍሬያቸዋለሁ፤ በኪቦርድ የምትጽፏቸው ግን እንደምታውቁት በላቲን ፊደል ነው።

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው በማዘርቦርዱ ላይ የሚኖረው ፈርምዌር ነው። ፈርምዌሩ ሊኑክስ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ሥራው ቡትሎደሩን ፈልጎ ማግኘትና ቀሪውን ለርሱ ማስረከብ ነው። ቡትሎደሩ ከርነሉን ከዲስክ አንሥቶ ሚሞሪ ላይ ያሰፍረዋል፤ ከርነሉ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያስነሣል። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ ይህን የመሸጋገሪያ ሥራ የሚሠራው ግራብ ነው። ኤሪክ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው፣ በኋላም በግኑ ፕሮጀክት ሥር የገባ ፕሮግራም ሲሆን፣ ዛሬ የምንጠቀምበት እንደ አዲስ የተጻፈው ሁለተኛ ትውልዱ ነው።

የችግሩ ሥር ግራብ አንድ ፋይል አለመሆኑ ነው። ባዮስ በሚባለው የቆየ ፈርምዌር በሚነሡ ማሽኖች ላይ በሦስት ስፍራ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር 512 ባይት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 64 ባይቱን የፓርቲሽኖች ሠንጠረዥ፣ 2 ባይቱን ማረጋገጫ ምልክት ስለሚይዙት ለፕሮግራም የሚተርፈው ቢበዛ 446 ባይት ነው። የሊኑክስን የፋይል ስርዓት ከፍቶ ማንበብ የሚችል ፕሮግራም በዚህች ስፍራ አይገባም። ስለዚህ እዚያ ያለችው ትንሽ ኮድ አንድ ነገር ብቻ ታደርጋለች፤ ከርሷ ቀጥሎ፣ ከመጀመሪያው ፓርቲሽን በፊት ባለው ክፍት ቦታ የተቀመጠውን «ኮር» የተባለ ክፍል ትጠራለች። ኮሩ በተራው «/ቡት/ግራብ» የተባለውን ፎልደር ከፍቶ ሞጁሎቹንና በስክሪን ላይ የምናየውን የምርጫ ዝርዝር ያነባል።

እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ ከፋይል ስርዓቱ ውጭ ናቸው፤ ሦስተኛው ብቻ ውስጥ ነው። ስም ያለውና ፎልደር ውስጥ የሚገኘው ነገር ሁሉ ስርዓቱን በሚያሻሽለው ፕሮግራም እጅ ስላለ ያለ እኛ እርዳታ ሊተካው ይችላል። ኮሩ ግን ስምም ፎልደርም የለውም። ማሽኑ ሁለት ወይም ሦስት ዲስክ ካለው ባዮሱ ከየትኛው መጀመሪያ ላይ እንደሚያነብ የሚወሰነው በባዮሱ ቅንብር ነው፤ ይህንንም ከሊኑክስ ውስጥ ሆኖ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ሰው ሊነግረው ይገባል። የጥያቄው ሳጥን የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በዴቢያንና በኡቡንቱ ጥያቄውን የሚያቀርበው «ግራብ-ፒሲ» የተባለው ጥቅል ነው። ግራብ በየትኞቹ ዲስኮች ላይ እንዲጫን እንደምንፈልግ ይጠይቅና ዝርዝር ያሳየናል። በዝርዝሩ ውስጥ «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» የሚባሉ ሙሉ ዲስኮች፣ ከነርሱም ጋር «ኤስዲኤ1»፣ «ኤስዲኤ5» የሚባሉ ፓርቲሽኖች ይኖራሉ። ተማሪዎቼ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ሊኑክሱ ያለው ኤስዲኤ5 ላይ ስለሆነ ግራብም እዚያው ይጫን» ይላሉ። አባባሉ ሲሰሙት ቀና ይመስላል። ነገር ግን ባዮሱ የሚያነበው የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር እንጂ የፓርቲሽኑን አይደለም። አዲሱን ግራብ ፓርቲሽኑ ላይ ስታስቀምጡት አሮጌው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ማሽኑም ሲበራ የሚያገኘው አሮጌውን ነው። ከዚህም በላይ በፓርቲሽን መጀመሪያ ላይ ለኮሩ የሚበቃ ቦታ ስለማይገኝ፣ ግራብ የኮሩን ፋይል ብሎኮች ቁጥር መዝግቦ በቁጥር ለመፈለግ ይገደዳል። የፋይል ስርዓቱ ያንን ፋይል ያዛወረው ዕለት ቁጥሩ ዋጋ ያጣል። ፓርቲሽን መምረጥ የሚገባው ሌላ ቡትሎደር ወደዚያ እንዲያሳልፍ ሆን ብሎ ላዘጋጀ ሰው ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ መልሱ ሙሉ ዲስኩ ነው።

ዲስኮቹ ብዙ ሲሆኑስ? ባዮሱ የሚነሣበትን ለይታችሁ ካወቃችሁ እሱን ምረጡ። ካላወቃችሁ ጥቅሉ ራሱ የሚሰጠው ምክር ሁሉንም መምረጥ ነው፤ እኔም እስማማለሁ፤ ሆኖም አስቀድማችሁ ፍላሽና ውጫዊ ዲስክ ንቀሉ። ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ በስሕተት ቢመረጥም የሚለወጠው በዲስኩ መጀመሪያ ያለው ማስነሻ ኮድ እንጂ ሰነዶቹ አይደሉም፤ ይህን ማወቅ ከብዙ ድንጋጤ ያድናል። ሁለት ዲስኮች አንዱ የሌላው ቅጂ ሆነው በሬይድ 1 የተጣመሩበት ሰርቨር ላይ ግን ሁለቱንም መምረጥ ግዴታ ነው። አንዱ ብቻ ከተመረጠ፣ ያ አንዱ በተበላሸ ቀን መረጃው በሁለተኛው ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ ማሽኑ አይነሣም።

ምንም አለመምረጥ የሚባል አማራጭም አለ። ምልክት የሚደረገው በስፔስ ባር መሆኑን ሳያውቁ ቀጥታ ኤንተር የሚጫኑ ሰዎች ሳያስቡት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሳጥኑ «ግራብን ሳትጭን ልትቀጥል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የነበረውን አለመንካት ጥንቃቄ መስሏቸው አዎን ይላሉ። በዚህ ጊዜ አሮጌው ኮርና አሮጌዎቹ ሞጁሎች አብረው ስለሚቀሩ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ይነሣል። ነገር ግን የምርጫ ዝርዝሩ በአዲሱ ስሪት እየተጻፈ በአሮጌው ይነበባል፤ የደኅንነት ጥገናውም ወደሚሠራው ግራብ አይደርስም።

ከዚህ የከፋው ግማሽ ሥራ ነው። የኔ ማሽኖች የገቡበት አደጋ ይህ ነበር። «ግራብ-ኢንስቶል» የተባለው ትእዛዝ ሁለት ነገር ያደርጋል። አዲሶቹን ሞጁሎች ወደ «/ቡት/ግራብ» ይገለብጣል፤ ከዚያም ኮሩን ሠርቶ በተነገረው ዲስክ መጀመሪያ ላይ ይጽፋል። የመጀመሪያው ሥራ ዲስኩ የትኛውም ቢሆን ይሳካል። ሁለተኛው ግን የተመዘገበው መልስ ትክክል መሆንን ይጠይቃል። ዴቢያንና ኡቡንቱ መልሱን የሚመዘግቡት የዲስኩን ሞዴልና መለያ ቁጥር በያዘ ስም ነው፤ ይህም ብልህነት ነው፤ «ኤስዲኤ» የሚለው ስም ዲስክ ሲጨመር ወይም ገመድ ሲቀያየር ወደ ሌላ ዲስክ ሊዞር ይችላልና። እኔ ግን የአንዱን ማሽን ዲስክ በዐሥራ አንዱ ላይ ስገለብጥ ያንን መልስም አብሬ ገልብጬዋለሁ። ዐሥራ አንዱም ማሽኖች በውስጣቸው የሌለ ዲስክ መለያ ቁጥር ይዘው ኖረዋል። ባይቸኩል፣ ጥያቄም እንዲጠየቅ ቢፈቀድ ኖሮ፣ ሳጥኑ «ግራብ ቀድሞ የተጫነበት ዲስክ አሁን የለም» ብሎ በግልጽ ይነግረኝ ነበር። ዝም እንዲል ያደረግሁት እኔው ነኝ። የተነሣው ማሽን ያ የመጀመሪያው የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ የተመዘገበው መለያ ቁጥር የራሱ ዲስክ ነበር።

«ግራብ-ካሎክ» የሚለው ስም ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2020፣ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ «ቡትሆል» የተባለ የግራብ የደኅንነት ክፍተት ይፋ ተደርጎ ነበር። ጥገናው የሚሞሪ መጠን ሲሰላ ቁጥር ሞልቶ እንዳይፈስ የሚከላከል አዲስ ፋንክሽን ጨመረ፤ ስሙም ይህ ነው። አዲሶቹ ሞጁሎች ይጠሩታል። አሮጌው ኮር ውስጥ ግን የለም። ማሽኖቼ ተዘግተው ሳለ ዓለም ይህን ጥገና አልፎ ነበር፤ በዚያው ሳምንትም በብዙ አገር ያሉ ሰርቨሮች በዚሁ መስመር ላይ ቆመው ቀርተዋል። ክፍተቱ በይበልጥ የሚያሰጋው ሴኪዩር ቡት የተባለውን ጥበቃ የሚጠቀሙ ዘመናዊ ማሽኖችን ሆኖ ሳለ፣ በዚህ የስሕተት መስመር ላይ የቆሙት በብዛት ያ ጥበቃ ጭራሹኑ የሌላቸው የባዮስ ማሽኖች መሆናቸው ይገርመኛል።

ባዮስን በተካው ዩኢኤፍአይ ነገሩ ይቀላል። ፈርምዌሩ ራሱ የፋትን የፋይል ስርዓት ማንበብ ስለሚችል ቡትሎደሩ ስም ያለው ፋይል ሆኖ በአንድ ልዩ ፓርቲሽን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሊኑክስ ይህን ፓርቲሽን ብዙውን ጊዜ «/ቡት/ኢኤፍአይ» በተባለ ፎልደር ይከፍተዋል። ፈርምዌሩም የትኛውን ፋይል እንደሚያስነሣ በራሱ ቋሚ ሚሞሪ ውስጥ ይመዘግባል። ስለዚህ የዲስኮች ዝርዝር አይቀርብላችሁም። በዴቢያን ሊቀርቡ የሚችሉት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። አንደኛው በፈርምዌሩ ሚሞሪ ውስጥ ያለው መዝገብ ይታደስ ወይ የሚል ነው፤ ልዩ ምክንያት ከሌላችሁ አዎን በሉ። ሁለተኛው የግራብ ተጨማሪ ቅጂ ለተንቀሳቃሽ ዲስኮች በተመደበው የጋራ ስፍራ ይቀመጥ ወይ የሚል ነው። አንዳንድ ፈርምዌሮች የተመዘገበላቸውን ይረሳሉ፤ ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወርም መዝገቡ አብሮት አይሄድም። በእነዚህ ሁኔታዎች ያ ቅጂ ማሽኑን ያስነሣል። ችግሩ ስፍራው የጋራ መሆኑ ነው፤ ሌላ ስርዓተ ክወናም እዚያው የራሱን ሊያስቀምጥ ይችላል፤ የሚጸናውም መጨረሻ የጻፈው ነው። በተለይ ግን ቅጂውን በእጃችሁ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ። በእጅ የተገለበጠውን ጥቅሉ ስለማያውቀው በየማሻሻያው አሮጌ ሆኖ ይቀራል፤ የባዮሱም በሽታ ስሙን ለውጦ ይመለሳል።

ማሽናችሁ በየትኛው መንገድ እንደተነሣ ለማወቅ «/ሲስ/ፈርምዌር/ኢኤፍአይ» የሚባል ፎልደር መኖሩን ተመልከቱ። ካለ ዩኢኤፍአይ ነው፤ ከሌለ ማሽኑ አዲስ ቢሆንም በባዮስ ስልት ተነሥቷል ማለት ነው።

በማሻሻያው መካከል የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህም ስለ ቅንብር ፋይሉ ነው። «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ» የተባለውን ፋይል ከዚህ ቀደም ነክታችሁት ከሆነ፣ የናንተው ይቆይ ወይስ አዲሱ ይተካው ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ልዩነቱን የሚያሳየውን አማራጭ መጀመሪያ ምረጡና አንብቡ። በዚህ ፋይል ውስጥ ለከርነሉ የሚተላለፉ ትእዛዞች አሉ፤ ለምሳሌ የቆየ የግራፊክስ ካርድ ላለው ማሽን «ኖሞድሴት» የምትል አንዲት ቃል ጨምራችሁ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ፋይል ሲተካው ቃሏ ትጠፋለች፤ ማሽኑ ተነሥቶም ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ እናንተም ቡትሎደሩን ትወቅሳላችሁ። የኔ ልማድ የራሴን ማቆየትና፣ ስርዓቱ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን አዲሱን ፋይል በኋላ በእርጋታ ማነጻጸር ነው።

ማነጻጸሩን ግን አትዝለሉት፤ ነባሪው አሠራር ራሱ የሚለወጥበት ጊዜ አለና። ለምሳሌ ከግራብ 2.06 ጀምሮ በሌሎች ፓርቲሽኖች ያሉ ስርዓተ ክወናዎችን የሚፈልገው «ኦኤስ-ፕሮበር» በነባሪነት ተዘግቷል። የማይታመን ፓርቲሽን በሙሉ ሥልጣን ተከፍቶ እንዲነበብ ማድረግ ለደኅንነት አይመችም ተብሎ ነው። ከዴቢያን 11 ወደ 12 ያደጉ ሰዎች ዊንዶውሳቸው ከምርጫ ዝርዝሩ ሲጠፋባቸው የተደመሰሰ መስሏቸው ደነገጡ። ዊንዶውሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ክልከላውን የሚያነሣ አንድ መስመር ጨምሮ «አፕዴት-ግራብ» የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ ይበቃል። ይህ ትእዛዝ የምርጫ ዝርዝሩን ብቻ እንደሚያድስ ግን ልብ በሉ፤ ኮሩን አይነካም። የኮሩ ችግር በርሱ አይፈታም፤ ይህን ሲሞክሩ ሰዓታት ያጠፉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ማሻሻያው አልቆ እንደገና እንዲነሣ ሲጠየቅ ወዲያው እሺ አትበሉ። ማሽኑ ገና በእጃችሁ እያለ፣ በባዮስ የሚነሣ ከሆነ «ግራብ-ኢንስቶል»ን በሙሉ ዲስኩ ስም አስኬዱትና ያለ ስሕተት መጠናቀቁን የሚገልጸውን መስመር በዓይናችሁ እዩ። እጅግ በቆዩ ዲስኮች ላይ የመጀመሪያው ፓርቲሽን ከ63ኛው ሴክተር ስለሚጀምር ለኮሩ የሚተርፈው 31 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው፤ አዲሱ ኮር አልገባ ቢል የምታውቁት በዚህች ሰዓት ነው። በኋላ በተለመደው አከፋፈል ፓርቲሽኑ ከ2048ኛው ሴክተር ስለሚጀምር ይህ ችግር የለም።

ያለፈው አልፎ «ግራብ ሬስኪዩ» ፊት ለፊት ለቆማችሁ፦ ያ መስመር መታየቱ ራሱ ዲስኩ እየተነበበ ስለመሆኑ ማስረጃ ነው። ሰነዶቻችሁ በቦታቸው ናቸው። ኡቡንቱን ወይም ዴቢያንን ከፍላሽ አስነሡ፤ ሲጫን በነበረው ስልት፣ ባዮስ ከነበረ በባዮስ፣ ዩኢኤፍአይ ከነበረ በዩኢኤፍአይ መነሣቱን አረጋግጡ። ከማንኛውም ነገር በፊት ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። ቀጥሎ የማሽኑን ዋና ፓርቲሽን ከፍታችሁ፣ «ዴቭ»፣ «ፕሮክ» እና «ሲስ» የተባሉትን ፎልደሮች አያይዛችሁ፣ በ«ሲኤችሩት» ወደ ውስጡ ግቡ። ለብቻው የተለየ የቡት ፓርቲሽን ካለም አስቀድማችሁ ክፈቱት። ከዚያም «ግራብ-ኢንስቶል»፣ ቀጥሎ «አፕዴት-ግራብ»። በመጨረሻም የ«ግራብ-ፒሲ»ን ጥያቄ እንደገና አስነሥታችሁ ትክክለኛውን ዲስክ መዝግቡ፤ ይህ ካልተደረገ ማሽኑ ዛሬ ተነሥቶ በሚቀጥለው ማሻሻያ ይወድቃል።

በዚያን ዕለት ለቀሩት ዐሥር ማሽኖች ያደረግነው ይህንኑ ነው። ለአንዱ ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ አንድም ፋይል አልጠፋም። ተማሪዋ የጎደላትን ልኬት ከጥር እስከ ሚያዝያ ደግማ ሰበሰበች።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። በክፍሉ መጨረሻ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተዘጋጀ ማሽን አለ፤ ኮሩን ሆን ብዬ አሮጌ አድርጌዋለሁና ለማስነሣት መሞከር የሚፈልግ ፍላሹን ከእኔ ይውሰድ።